«ጉበት ኖርማል» ተብሎ ከመፈረሙ በፊት

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ቡራዩ ባሉት ትንንሽ ክሊኒኮች የሆድ አልትራሳውንድ ለጉበት ተብሎ የሚታዘዘው አልፎ አልፎ ነው። ማዘዣው ላይ የሚነበበው «የጨጓራ ሕመም»፣ «የኩላሊት ጠጠር ይታይ»፣ «የቀኝ ጎን ውጋት» ነው። ጉበት ፕሮቡ (ሆድ ላይ የሚንሸራተተው የማሽኑ እጀታ) ወደ ሐሞት ከረጢትና ወደ ኩላሊት ሲያልፍ መንገድ ላይ ይታያል፤ ሪፖርቱ ላይም «መጠኑና መልኩ ኖርማል» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ያቺ አንድ መስመር ብዙ ሰው ታዘናጋለች። ጠባሳ እየያዘ ያለ ጉበት አያምም፣ አያቃጥልም። ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሆድ ውሃ ሲቋጥር ጠባሳው ዓመታት አስቆጥሯል።

ይህን የምንጽፈው በእንዲህ ዓይነት ክሊኒክ ማሽኑ ላይ ለሚቀመጡ ባልደረቦችና ወረቀቱን ይዘው «ታዲያ ነጻ ነኝ ማለት ነው?» ለሚሉ ታካሚዎች ነው። ለጨጓራው የመጣውን ሰው ጉበት አደላድሎ ለማየት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ነው። ገንዘብ አያስጨምርም፤ ምን እንደሚፈለግ ማወቅን ግን ይጠይቃል።

ማሽኑ የማያየው

ከማይችለው እንጀምር። የጉበት ጠባሳ (ፋይብሮሲስ) ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 4 ደረጃ ይሰጠዋል፤ ኤፍ 4 ሲሮሲስ፣ ማለትም ጠባሳው ጉበቱን በሙሉ የወረሰበት ደረጃ ነው። ተራው ጥቁርና ነጭ ምስል ኤፍ 1ንና ኤፍ 2ን አያሳይም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለሆድ የምንጠቀምበት ፕሮብ በ3 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ደረጃ ያሉት የጠባሳ ክሮች ደግሞ ከዚያ እጅግ የቀጠኑ ናቸው። በወንፊት ዱቄት እንደማይያዝ ማለት ነው። ኤፍ 3 አንዳንዴ ፍንጭ ይሰጣል፤ ኤፍ 4 ግን፣ ሰውየው ምንም ሕመም ሳይሰማው እንኳን፣ በደንብ ለሚፈልገው ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ስለዚህ በተራ አልትራሳውንድ «ቀድሞ ማወቅ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው፣ ሲሮሲስን ውሃ ከመቋጠሩና ደም ከማስመለሱ በፊት መያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ምስሉ ላይ ትንሽ ያጠራጠረንን ሰው ርካሽ የደም ምርመራ እንዲያደርግ መላክ ነው። ምስሉ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ጠባሳ የለም ማለት አይቻልም፤ በተለይ የሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ቫይረስ ያለበትን ሰው በዚህ ማሰናበት ጥፋት ነው። ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ በሽታ አለ፣ ከውሃ የሚይዘው የትል በሽታ ቢልሃርዚያ፤ እሱን ለብቻው እናነሣዋለን።

ከፕሮቡ በፊት

ቀጠሮው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ለ6 ወይም ለ8 ሰዓታት ያህል ምግብ ሳይቀምሱ ቆይቶ መምጣት ያስፈልጋል፤ ውሃ ችግር የለውም፣ የዘወትር መድኃኒትም በውሃ ይዋጣል። ማኪያቶ ግን «ምግብ አይደለም» ተብሎ ይጠጣና ወተቱ ሐሞት ከረጢቱን ያኮማትረዋል፤ ያኔ ግድግዳው የወፈረ ይመስላል። ከምግብ በኋላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር የፖርታል ቬይን (ደም ከአንጀትና ከጣፊያ ወደ ጉበት የሚወስደው ደም ሥር) ልኬትም ከፍ ይላል። ከዋዜማው እራት ላይ ጎመንና ባቄላ ቢቀር ጋዙ ይቀንሳል። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ሰዎች ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው፤ እነሱን ከሰዓት ቀጥሮ ጠዋቱን ለሌላው መተው ይቻላል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ሲሆን የመጀመሪያውን ተራ እንስጠው፤ ወረፋ ላይ ስኳሩ እንዳይወርድበት።

የማሽኑ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በከተማው ዳር መብራቱ ይወዛወዛል፤ ማሽኑ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ከሌለው ምስሉ ላይ ብናኝ የመሰለ ነጠብጣብ ይረጫል፤ ያ ብናኝ ጤነኛውን ጉበት ሻካራ ያስመስለዋል። ጌይኑ (የምስሉ ማድመቂያ) ሲበዛም እንደዚያው ነው። እኛ የምንመካበት ቀላል ማጣሪያ ጣፊያ ነው። ቅንብሩን ሳንነካ ወደ ግራ ጎን ዞረን ጣፊያን እናያለን። ጣፊያውም እንደ ጉበቱ ከሻከረ ጥፋቱ የማሽኑ ወይም የቅንብሩ ነው፤ ጣፊያው ለስላሳ ሆኖ ጉበቱ ብቻ ከሻከረ ነገሩ የጉበቱ ነው። ጄል ለማብቃቃት በውሃ ማቅጠንም የተለመደ ነው፤ የቀጠነው ጄል ከቆዳው ላይ ይፈስና ፕሮቡና ቆዳው መካከል አየር ይገባል፣ ምስሉም ግማሹ ይጠቁራል።

ትንፋሽ ሌላው ጣጣ ነው። «በረጅሙ ይሳቡ» ሲባሉ ብዙ ሰዎች ደረታቸውን ይነፉና ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ጉበት ደግሞ ከጎድን አጥንት ሥር ይደበቃል። «ሆድዎን እንደ ፊኛ ይንፉት፣ እዚያው ይያዙት» ቢባል ጉበቱ ራሱ ወርዶ ይመጣል። ታካሚው ኦሮምኛ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ለ«ያዝ» እና ለ«ልቀቅ» ሁለት ቃል መማር ለዚህ ሥራ ከአዲስ ፕሮብ ይበልጣል።

አሠራሩ

ፊቱ ጎበጥ ባለው በኮንቬክስ ፕሮብ፣ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ባለው፣ ጥልቀቱን 15 ወይም 16 ሴንቲሜትር አድርገን እንጀምራለን። መጀመሪያ ከመሃል ደረት አጥንት ሥር የግራውን ክፍል፣ ቀጥሎ ከቀኝ ጎድን ሥር፣ ቀጥሎ በጎድን አጥንቶች መካከል። ጋዝ ካስቸገረ ታካሚውን በግራ ጎኑ ማስተኛት ነው። የግራው ክፍል የታችኛው ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት ሹል መሆን አለበት፤ እንደ አውራ ጣት ከደነደነ ይጠረጠራል። ከኋላ ያለችው ትንሿ ክፍል፣ ኮዴት የምትባለው፣ ቀኙ ሲሟሽሽ እሷ ታብጣለች፤ የእሷ ስፋት ለቀኙ ሲካፈል ከ0.65 በላይ ከሆነ ሲሮሲስን ይደግፋል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ልኬት ብዙም አንተማመንም፤ መስመሩ የሚሳልበት ቦታ ትንሽ ሲዛነፍ ቁጥሩ ይለዋወጣል፣ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱም ማንንም ነጻ አያወጣም።

የምንተማመንበት የጉበቱ ወለል ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ለዚህ ፕሮብ መቀየር ያስፈልጋል። ለታይሮይድና ለጡት የምንጠቀምበትን ፊቱ ቀጥ ያለ ሊኒየር ፕሮብ፣ ከ7 እስከ 10 ሜጋኸርዝ፣ ከደረት አጥንቱ ጫፍ ሥር ወረድ ብሎ የግራው የጉበት ክፍል ላይ እናስቀምጣለን። ጥልቀቱ 4 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ፎከሱ የጉበቱ ሽፋን ባለበት፣ ማለትም ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ላይ ይሁን። እጅ መጫን የለበትም፤ ከተጫንን ወለሉ ተዳምጦ ለስላሳ ይመስላል። ቀጥሎ ታካሚው ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ከሆድ ግድግዳው ሥር ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት ቀጭን ነጭ መስመር ትታያለች፤ የጉበቱ ሽፋን ያቺ ናት። የማትንቀሳቀሰው የሆድ ግድግዳው ንጣፍ ናት፤ የጀማሪ ስሕተት በብዛት የሚመጣው እሷን ጉበት ብሎ ከማንበብ ነው።

በጤነኛ ጉበት ላይ መስመሯ እንደተወጠረ ክር ናት፤ ሳትቆራረጥ ትሄዳለች። በሲሮሲስ ላይ ትቆራረጣለች፤ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ከሥሯ በመደዳ የተሰደረ ሽምብራ ያለ ይመስላል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ መታጠፏ ምልክት አይደለም፤ ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ ማየት ያስፈልጋል። በኮንቬክስ ፕሮብ ብቻ «ወለሉ ለስላሳ ነው» ብሎ መጻፍ፣ ያለ መነጽር ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቤያለሁ እንደ ማለት ነው። የክሊኒኩ ማሽን ለእርጉዞች ተብሎ የገባና አንድ ኮንቬክስ ፕሮብ ብቻ ያለው ከሆነ ሪፖርቱ ላይ «ወለሉ በሊኒየር ፕሮብ አልታየም» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

ፖርታል ቬይን የሚለካው ከታችኛው ትልቁ ደም መልስ ፊት ለፊት በሚያልፍበት ቦታ፣ ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ፣ በተለመደ ትንፋሽ ነው። ከ13 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን ይጠረጠራል። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው፤ ታካሚው ትንፋሹን በረጅሙ ስቦ ሲይዝ የጤነኛው ሰው ፖርታል ቬይን ራሱ ከ13 አልፎ ወደ 16 ሊጠጋ ይችላል። ይልቅ በትንፋሽ መስፋትና መጥበቡን እንመልከት። ትንፋሽ ሲሳብም ሲወጣም ልኬቱ ካልተለወጠ፣ ቁጥሩ 12 ቢሆን እንኳ፣ ግፊት መጨመሩን ያሳስባል። ዶፕለር (የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው) ካለ ደሙ ወደ ጉበት እየገባ መሆኑን ማየት ነው። በግራው ክፍል ወደ እምብርት በሚወርደው ጅማት ውስጥም ቀለሙን አንዴ ማብራት ተገቢ ነው፤ እዚያ ውስጥ ከጉበት ወደ ውጭ የሚፈስ ደም ከተገኘ የፖርታል ግፊት ለመጨመሩ እጅግ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሰላሳ ሰከንድ አይፈጅም።

ጣፊያ በረጅሙ ይለካል፤ እስከ 12 ሴንቲሜትር ይለፍ፣ ለረጅም ሰው 13ም ይታለፋል። በአገራችን ግን ትልቅ ጣፊያ ሁሉ የጉበት አይደለም። ተደጋጋሚ ወባ አለ፣ ከመተማና ከሁመራ እርሻ ለተመለሰ ሰው ካላዛር አለ፣ የደም በሽታም አለ። ጣፊያው አብጦ የጉበቱ ወለል ክር ከሆነ፣ ከሲሮሲስ በፊት እነዚህንና ቢልሃርዚያን መጠየቅ ነው።

ፋቲ ሊቨር

«ግሬድ 1 ፋቲ ሊቨር» (በመጠኑ ስብ የያዘ ጉበት) የሚለው ሐረግ ከልክ በላይ እየተጻፈ ነው። ስብ የሚለየው ጉበቱንና የቀኝ ኩላሊቱን ሥጋ በአንድ ምስል፣ በእኩል ጥልቀት ላይ በማነጻጸር ነው፤ ጉበቱ ጎልቶ ከነጣ፣ የፖርታል ቅርንጫፎች ግድግዳ ከደበዘዘና ድያፍራሙ በሩቁ ከጠፋ ስብ አለ። የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው ኩላሊቱ ራሱ ስለሚነጣ ንጽጽሩ ይበላሻል። ከአምስት አንድ እጅ በታች የሆነን ስብ ተራ አልትራሳውንድ በደንብ አይይዘውም። ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ስብ ያለበት ሰው ስቡ አያስደነግጠው፣ ጠባሳ መጀመር አለመጀመሩ ይጠየቅ። እሱን ደግሞ ንጣቱ አይናገርም። ስኳር፣ የወገብ ውፍረትና ደም ግፊት ያለበት ሰው ከሆነ ከዚህ በታች ወዳለው ስሌት ይሂድ።

ቢልሃርዚያ፤ አልትራሳውንዱ ቀድሞ የሚያይበት

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታቸው ከ2,000 ሜትር ከፍ ስለሚል የአንጀት ቢልሃርዚያን የምትሸከመው ቀንድ አውጣ በብዛት የምትራባበት ቦታ አይደለም። ነገር ግን በዳር ከተማው አዲስ ሰፈሮች የሚኖረው ሰው ከየቦታው የመጣ ነው። ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ያደገ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ ያጠመደ፣ ጣና ዳር ሲዋኝ የኖረ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ልብስ ያጠበ ሁሉ እዚህ አለ። ስለዚህ «ልጅ እያሉ የት ነበር የሚዋኙት?» የምትለው ጥያቄ የምርመራው አካል ናት።

የትሉ እንቁላሎች በደም ተወስደው በፖርታል ቬይን ጥቃቅን ቅርንጫፎች ይሰነቀራሉ፤ ጠባሳው የሚሠራው በቅርንጫፎቹ ዙሪያ ነው። የጉበቱ ሴሎች ብዙም አይነኩም፤ ስለዚህ የጉበት ኢንዛይሞቹ ኖርማል ሆነው ሰውየው አንድ ቀን በድንገት ደም ሊያስመልስ ይችላል። ምስሉ ላይ ግን ይታያል፤ ደም ሥሩ በቁመት ሲታይ ወፍራም ነጭ ቧንቧ፣ በአግድም ሲቆረጥ መሃሉ ጥቁር የሆነ ነጭ ቀለበት። ጠባሳው ሲጨምር በፖርታል መከፋፈያው ዙሪያ ነጭ እብጠት ይሠራል፤ ከዚያም እየተዘረጋ እስከ ጉበቱ ወለል ይደርሳል። በብዛት የግራው ክፍል ያብጣል፣ የቀኙ ይሟሽሻል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኒያሜ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ለዚህ ምስል መለያ አውጥተውለታል፤ ከሀ እስከ ረ እንደ ማለት በላቲን ፊደል ከኤ እስከ ኤፍ። «ኤ» ጤነኛ ነው፣ «ሲ» ቀለበትና ቧንቧ፣ «ኤፍ» እስከ ወለሉ የተዘረጋው ከባዱ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይህ «ኤፍ» ከላይ ካነሣነው የጠባሳ ደረጃ «ኤፍ» ጋር ዝምድና የለውም። ሪፖርት ላይ ፊደሉን ብቻ መጻፍ ተቀባዩን ሐኪም ያደናግራል፤ «የቢልሃርዚያ የፖርታል ዙሪያ ፋይብሮሲስ፣ የኒያሜ ምስል ሲ» ተብሎ ይጻፍ።

የውሸት ቀለበትም አለ። ድምፁ ግድግዳውን ፊት ለፊት ሲመታው የጤነኛ ፖርታል ቅርንጫፍም ነጭ ይሆናል። ፕሮቡን ወደ ጎን ጋደል ሲያደርጉት ንጣቱ ከጠፋ ጠባሳ አልነበረም፤ ከየትኛውም ማዕዘን ወፍራም ሆኖ ከቆየ ነው።

የሰገራ ምርመራ ከዓመታት በኋላ ነጻ ሊል ይችላል። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ ስለዚህ 60 ኪሎ ለሚመዝን 2,400 ሚሊግራም፣ ባለ 600ው 4 ፍሬ ማለት ነው፤ ምግብ ቀምሰው ቢወስዱት ማጥወልወሉ ይቀንሳል። ጠባሳው በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ በወራትና በዓመታት ሊቀንስ ይችላል። ጣፊያው ካበጠ ወይም ፖርታል ቬይኑ ከሰፋ ግን ኪኒን ብቻ አይበቃም፤ የጉሮሮ ቧንቧው ደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ መታየት አለባቸው።

ሦስት የደም ቁጥርና አንድ ካልኩሌተር

አልትራሳውንዱ የማያየውን ኤፍ 2ና ኤፍ 3 ለመጠርጠር የሚያስፈልገው የትኛውም ትንሽ ላብራቶሪ የሚሠራው ነው፤ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ (ከእሱ የምንፈልገው ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ነው)፣ እንዲሁም የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤኤስቲና ኤኤልቲ። በአንዳንድ ላብራቶሪ ወረቀት ላይ «ኤስጂኦቲ» እና «ኤስጂፒቲ» ተብለው ነው የሚገኙት፤ ያው ናቸው።

አፕሪ የሚባለው ስሌት እንዲህ ነው፤ ኤኤስቲ ለላብራቶሪው ከፍተኛ ኖርማል ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል፣ ለፕላትሌት (በሺህ) ይካፈላል። ፊብ-4 ደግሞ ዕድሜ ሲባዛ በኤኤስቲ፣ ሲካፈል ለፕላትሌትና ለኤኤልቲ ካሬ ሥር ብዜት። ዕድሜ 38፣ ኤኤስቲ 48፣ ኤኤልቲ 49፣ ፕላትሌት 165 ሺህ፣ የላብራቶሪው ከፍተኛ ኖርማል 40 ነው እንበል። አፕሪ፤ 48 ለ40 ሲካፈል 1.2፣ በ100 ሲባዛ 120፣ ለ165 ሲካፈል 0.73። ፊብ-4፤ 38 በ48 ሲባዛ 1,824፤ የ49 ካሬ ሥር 7፣ በ165 ሲባዛ 1,155፤ ውጤቱ 1.58።

ለሄፓታይተስ ቢ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ አፕሪ ከ0.5 በላይ ሲሆን ጉልህ ፋይብሮሲስ፣ ከ1 በላይ ሲሆን ሲሮሲስ ተብሎ ለሕክምና ውሳኔ ይያዛል። ስለዚህ ይህ ሰው ቫይረሱ ካለበት ምስሉ ክር የመሰለ ወለል፣ 11 ሚሊሜትር ፖርታል ቬይንና 11 ሴንቲሜትር ጣፊያ ቢያሳይም መድኃኒት የመጀመር ጉዳይ ሊነሣለት ይገባል። በድሮው መቁረጫ፣ ማለትም 2 ላይ፣ እንዲህ ያለው ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ይመለስ ነበር። ለፋቲ ሊቨር የምንጠቀመው ፊብ-4ን ነው፤ ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖር ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፣ ከ2.67 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው፤ መካከል ላይ የወደቀ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከ35 ዓመት በታች ባለ ሰው ላይ ይህ ስሌት አይታመንም፤ ከ65 በላይ ደግሞ የታችኛው መቁረጫ ወደ 2 ከፍ ይላል።

የሚያሳስቱትም አሉ። የደም ናሙናው በደንብ ካልተገላበጠ ፕላትሌቱ ይጓጉልና ማሽኑ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ያልተጠበቀ 60 ሺህ ሲመጣ በስላይድ ማሳየት ወይም መድገም ነው። ወባም ታይፎይድም ፕላትሌት ያወርዳሉ፤ ትኩሳት ያለበት ሰው እስኪሻለው ይቆይ። የቢልሃርዚያ ትልቅ ጣፊያ ፕላትሌቱን ስለሚውጥ ስሌቱን ያለ ልክ ከፍ ያደርገዋል። ትላንት አረቄ የጠጣ ሰው ኤኤስቲውም አረቄውን ይዞ ይመጣል።

ፋይብሮስካን መቼ?

የጉበትን ጥንካሬ በኪሎፓስካል የሚለካው ይህ መሣሪያ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምናም ተጠቅሞበታል። ከዳር ከተማ ሰው የምንልከው ስሌቱ መካከል ላይ ሲወድቅ፣ ወይም ምስሉና ደሙ ሲጣሉ ነው። በዚያው የ2024 መመሪያ ለሄፓታይተስ ቢ ከ7 በላይ ጉልህ ጠባሳ፣ ከ12.5 በላይ ሲሮሲስ ነው።

ወረቀቱ ላይ ከዋናው ቁጥር በተጨማሪ ሁለት ነገር ይፈለግ፤ 10 ትክክለኛ ልኬት መወሰዱና የልኬቶቹ መበታተን (አይኪውአር) ከ30 በመቶ አለመብለጡ። እነዚህ ከሌሉ ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። ቢያንስ 3 ሰዓት ሳይበሉ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ምግብ ጉበቱን ያደነድነዋል። የልብ ድካም፣ የሐሞት ቧንቧ መዘጋትና ኤኤልቲ ከኖርማሉ 5 እጥፍ በላይ መውጣትም ቁጥሩን በውሸት ከፍ ያደርጉታል። ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው በዚህ መሣሪያ አይለካም፤ ምርመራውም አያስፈልገውም።

ሪፖርቱ

«ጉበት ኖርማል» ከማለት እንዲህ ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ «የጉበት ወለል በሊኒየር ፕሮብ ታይቷል፣ ለስላሳ። ጠርዙ ሹል። ፖርታል ቬይን 11 ሚሜ በተለመደ ትንፋሽ፣ በትንፋሽ ይለዋወጣል። ጣፊያ 10.8 ሴሜ። በሆድ ውስጥ ውሃ የለም። ይህ ምርመራ የመጀመሪያ ደረጃ ፋይብሮሲስ የለም ለማለት አያስችልም፤ የቢና የሲ ቫይረስ ምርመራ፣ ሲቢሲ፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ ካልተሠሩ ቢሠሩ ይመከራል።» ቁጥር ያለው ሪፖርት ከዓመት በኋላ ይነጻጸራል፤ «ኖርማል» ከምን ጋር ይነጻጸራል? ጣፊያ ከ10.8 ወደ 12.1 መሄዱን የሚያውቅ 10.8 የጻፈ ብቻ ነው።

ለታካሚም አንድ ነገር። ምስሉ የሚታተምበት ወረቀት በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ በመኪና መስኮት ሥርም ሆነ በላስቲክ ውስጥ በዓመት ይደበዝዛል። ከክሊኒኩ ሳይወጡ በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ የደም ውጤቱንም አብረው። ለ«የወፍ በሽታ» ተብሎ የሚጠጣ ሥርና ቅጠል፣ «ጉበት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጥ ብልቃጥም፣ ለሐኪሙ ሳይነገር አይወሰድ፤ ጉበትን የሚጎዳ ዕፅ አለ፣ መጠኑንም የሚያውቅ የለም። ጠባሳ የተባለ ሁሉ አይመለስም የሚለው ወሬ ደግሞ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲሮሲስ ከነበራቸው 96 ታካሚዎች መካከል 71ዱ የቫይረሱን መድኃኒት ቴኖፎቪርን 5 ዓመት ወስደው በድጋሚ በጉበት ናሙና ሲታዩ ሲሮሲሱ ለቋቸው ነበር።

ሲሮሲስ የተገኘበት ሰው አልትራሳውንዱ በየ6 ወሩ ይደገማል፤ አሁን የሚፈለገው ካንሰር ነው። ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ አዲስ እብጠት ከተገኘ በ3 ወር ተመልሶ ይታያል፤ 1 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መልሶ መለካት ሳይሆን በዚያው ሳምንት ለሲቲ ወይም ለኤምአርአይ መላክ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ደግሞ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ እናት፣ ወንድምና እህት በጣት ደም ይመርመሩ። የቢ ክትባት በፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለው ጥምር ክትባት) ውስጥ ሆኖ ለአገሪቱ ሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደው አዋቂ ለብቻው ካልተከተበ በቀር የክትባት ጥበቃ የለውም። ቫይረሱ የሌለበት በ0፣ በ1ና በ6 ወር ሦስት መርፌ ይወስዳል።